ስንጥቁን ማን ይደፍነዋል? በጣና ዳር ከኖራ እስከ ባክቴሪያ

ወደ ጢስ ዓባይ ፏፏቴ በእግሩ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ አጋም ድልድይን ይሻገራል። ዓባይ እዚያ ጋ ይጠብባል፤ በጥቁር ድንጋይ ገደል መካከል ተጨምቆ ያልፋል፤ ክረምት ላይ ጩኸቱ የሰው ድምፅ አያሰማም። ድልድዩ የተሠራው በአፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ በ1626 ገደማ ነው (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹን የማስቀምጠው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። አህያ ከነጭነቷ፣ ገበያተኛ ከነበጉ፣ እንግዳ ከነካሜራው አራት መቶ ዓመት ገደማ ባስቆጠረ ግንብ ላይ ዛሬም ይመላለሳል። እዚያ በቆምኩ ቁጥር ዓይኔ የሚያርፈው በድንጋዩ ላይ አይደለም። ድንጋይማ በዚያ አገር የትም አለ። የሚያስደንቀኝ በድንጋይና በድንጋይ መካከል ያለው ነጩ ነገር ነው፤ ግንቡን አንድ አካል ያደረገው፣ ዝናቡም ጎርፉም ወደ ውስጥ እንዳይሰርግ አፉን የዘጋው ኖራ።

የጠነከረ ኖራ በኬሚስቶች ስም ካልሲየም ካርቦኔት ነው። በአሁኑ ዘመን አለት ውስጥ ያለ ስንጥቅን እንዲደፍኑ የሚሰማሩት ባክቴሪያዎች የሚሠሩትም ይኸንኑ ነው፤ ሌላ ነገር አይደለም። የሱስንዮስ ግንበኞች በማገዶና በእሳት ያገኙትን እነዚህ ተሕዋስያን ያለ እሳት፣ ለዓይን በማይታይ ቀዳዳ ውስጥ ገብተው ያበጁታል። ስለዚህ ነገሩ ለጣና ዳር ሰው ከውጭ የመጣ እንግዳ ተአምር አይደለም። የቆየ ሥራ በሌላ ሠራተኛ እጅ ሲቀጥል ነው የማየው፤ ይህን ለማሳየት ደግሞ ትንሽ ራቅ ብዬ መነሳት አለብኝ።

ጣና ራሱ የተደፈነ አፍ ነው። ከባሕር ዳር ወደ ደቡብ በተዘረጋው ሜዳ ላይ የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ቅልጥ ድንጋይ የውሃውን መውጫ ዘግቶ፣ ቀዝቅዞ፣ ጥቁር ግድብ ሆኖ ቀረ። ከኋላው የተጠራቀመው ውሃ ዛሬ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሸፍናል። ስፋቱን አይቶ ጥልቀቱን የሚገምት ሰው ግን ይሳሳታል፤ እጅግ ጥልቅ በሚባለው ስፍራ እንኳ ከ14 ሜትር ብዙም አያልፍም። ሰፊ ገበታ ላይ የፈሰሰ ውሃ ነው ማለት ይቻላል። ከሐይቁ ወለል የወጣውን ደለል የመረመሩ ሊቃውንት፣ በመጨረሻው የበረዶ ዘመን ማብቂያ ላይ ጣና ጨርሶ ደርቆ እንደነበረና ከ15 ሺህ ዓመታት በፊት ገደማ እንደገና ሞልቶ ወደ ዓባይ መፍሰስ እንደ ጀመረ አረጋግጠዋል። እንዲህ ስስ የሆነ ሐይቅ የሚቆመው ዝናብ ሲኖርና ከታች የያዘው ድንጋይ ሲታመን ነው።

ያ ድንጋይ ግን ሙሉ በሙሉ የሚታመን አይደለም። ጥቁሩ ድንጋይ፣ ማለትም ባዛልት፣ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ ሲኮማተር ይሰነጠቃል። ጋዙ ሲወጣ ደግሞ እንደ እንጀራ ዓይን የበዛ ቀዳዳ ይተዋል። አካባቢው ላይ የተጠረበ ድንጋይ አንስቶ ለሚያይ ሰው ከነዚህ ዓይኖች አንዳንዶቹ ባዶ፣ አንዳንዶቹ ደግሞ በነጭ ማዕድን የተሞሉ ሆነው ይታዩታል። ነጩን ያመጣው ውሃ ነው። በድንጋዩ ሆድ ውስጥ ሲዘዋወር ያሟሟውን ማዕድን በየቀዳዳው እያስቀመጠ፣ በሺህዎች ዓመታት ልክ ሲደፍን ኖሯል። ተፈጥሮ በራሷ ጊዜ የምትሠራው ምርጊት ነው።

ያልተደፈነው ስንጥቅ ደግሞ ሲሳይ ነው። ባሕር ዳር ለብዙ ዘመን የጠጣችው አረቄና ሎሚ የሚባሉትን ምንጮች ነው፤ ሁለቱም የሚፈልቁት ከዚሁ ከተሰነጣጠቀ ጥቁር ድንጋይ ነው። በጎጃም መንደሮች ጠበሉ፣ የእናቶች ምንጭ፣ የከብት መጠጫው ሁሉ አብዛኛውን ጊዜ የአለት ንቃቃት ውጤት ነው። ይህን አሁን ልብ በሉልኝ፤ መጨረሻው ላይ እመለስበታለሁ።

ውሃ የሚያፈስ ነገርን መድፈን በዚህ አገር ከግንበኛ በፊት የቤት እመቤት እውቀት ነበር። አዲስ ምጣድ ተገዝቶ ሲመጣ ወዲያው እንጀራ አይጋገርበትም፤ በጎመን ዘር ይሟሻል። ዘሩ በጋለው ሸክላ ላይ ሲታሽ ቅባቱ ወደ ረቂቁ ቀዳዳ ገብቶ ይቀራል፤ ገጹም ይለሰልሳል፣ ይዘጋል። አዲስ እንስራ መጀመሪያ ያልባል፤ ሲውል ሲያድር ላቡ ይቀንሳል። ማንም «የቀዳዳ መጠን» ብሎ አልለካም፤ ነገር ግን የሸክላ ቀዳዳ የሚዘጋው ከላይ በመለጠፍ ሳይሆን ወደ ውስጥ በሚገባ ቀጭን ነገር መሆኑን ሁሉም ያውቀዋል። የአለት ስንጥቅ ጥያቄም ያው ነው፤ የሚለየው በስፋቱ ነው።

ጭቃ ቤት የሠራ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ያውቃል። አፈሩ ከጭድ ጋር ተረግጦ ይቦካል፤ በዚያው ቀን አይመረግም። ለቀናት ይተዋል፣ ውሃ ይጨመርበታል፣ እንደገና ይረገጣል፤ ጠረኑ መንደሩን እስኪያውክ ድረስ ይብላላል። ሽታው ሲመጣ ጭቃው ደረሰ ይባላል። ያ ሽታ የባክቴሪያ ሥራ ነው። ጭዱን እየበሉ ያለሰልሱታል፤ የሚተዉት ዝልግልግ ነገር አፈሩን እርስ በርሱ ያጣብቀዋል። «ቦካ» የሚለው ቃል ለሊጥም ለጭቃም አንድ መሆኑ በአጋጣሚ አይመስለኝም፤ ሁለቱም እርሾ አላቸው። አባቶቻችን ተሕዋስያንን በዓይናቸው ሳያዩ ግድግዳ ላይ ሲያሠሯቸው ኖረዋል።

ከጭቃ ወደ ኖራ የተደረገው ሽግግር በጣና ዙሪያ የተጻፈ ታሪክ አለው። ፔድሮ ፓኤዝ የሚባለው ኢየሱሳዊ ለአፄ ሱስንዮስ ጎርጎራ ላይ ቤተ መንግሥት ያሠራና በ1622 እዚያው ጎርጎራ ያረፈ ሰው ነው። ከእሱ በኋላ የመጣው ማኑኤል ደ አልሜይዳ በጻፈው ታሪክ እንዳሰፈረው፣ ኖራ የሚሆን ድንጋይ በአገሩ መኖሩን የለየው ከሕንድ የመጣ ባለሙያ ነው። ድንጋዩን ቀላል፣ ምስጥ የበላው የሚመስል አድርጎ ይገልጸዋል። ከዚያ በኋላ ነው በዓባይ ላይ ድልድይ መዘርጋት የተቻለው። የፋሲል ጎንደር በ1636 ስትቆረቆር ኖራው ዝግጁ ነበረ፤ ግንበኛውም እጁን ፈትቶ ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የባክቴሪያው ነገር የሚገባን ኖራው ሲገባን ነውና። የኖራ ድንጋይ 900 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲነድ በውስጡ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይተናል፤ የሚቀረው ነጭ፣ የሚያቃጥል ዱቄት ነው። ውሃ ሲያገኝ ይፈላል፣ ይለሰልሳል፣ እንደ ቅቤ ይሆናል። ግንብ ውስጥ ከገባ በኋላ በወራትና በዓመታት ከአየር ውስጥ ያንኑ የተነጠቀውን ጋዝ መልሶ እየሳበ ወደ ድንጋይነቱ ይመለሳል። ማለትም ድንጋይ ይፈርሳል፣ ይሸከሙታል፣ በቦታው ላይ መልሶ ድንጋይ ይሆናል። ለዚህ ሁሉ ዋጋው ማገዶ ነው፤ የጎንደር ግንቦች ስንት ጫካ እንደ በሉ ማን ያውቃል። በአጋም ድልድይና በጎንደር አካባቢ ኖራው በእንቁላል ተለውሷል የሚል ወሬ ከጥንት አለ። ወሬውን ሳልፈርድበት እተወዋለሁ፤ እንቁላሉ ግን ወደ ኋላ ባላሰብነው በር ይመለሳል።

የኖራ ግንብ ውሃ ሲይዝ ለማየት የፈለገ ጎንደር ጥምቀት ላይ ይሂድ። የፋሲል መዋኛ በየዓመቱ ከቀሃ ወንዝ በሚመጣ ውሃ ይሞላል፤ ያ ሁሉ ሕዝብ የሚጠመቅበት ውሃ በኖራ ልስን ላይ ነው የሚተኛው።

ሲሚንቶ ከዚያ በኋላ መጣ። ጆሴፍ አስፕዲን ፖርትላንድ ሲሚንቶን እንግሊዝ ውስጥ ያስመዘገበው በ1824 ነው። ስንጥቅ ውስጥ ፈሳሽ ገፍቶ አስገብቶ ማጠንከር ግን ከእሱም ይቀድማል፤ ፈረንሳዊው ሻርል ቤሪኚ በ1802 በዲየፕ ወደብ የተጎዳ መሠረት ውስጥ ጭቃና ኖራ በግፊት አስገብቷል። መሐንዲሶቻችን «ግራውት» የሚሉት ሥራ አባቱ ይኸ ነው። ወደ እኛ አገር ሲሚንቶ በብዛት የገባው ከጣልያን ወረራ ጋር ሲሆን የድሬዳዋ ሲሚንቶ ፋብሪካም የዚያ ዘመን ልጅ ነው። ጣልያኖች የጎንደርን ግንቦች ሲጠግኑም ሲሚንቶና ብረት ተጠቀሙ። ሲሚንቶ ግን ከኖራ ጋር አይስማማም፤ ይጠነክርና አይተነፍስም፤ የታሰረው እርጥበት በደካማው በኩል እየገፋ ድንጋዩን ያበላሸዋል። ከዚያ በኋላ የመጡ ጠጋኞች ያንን ሲሚንቶ እያወጡ ኖራ መመለስ ነበረባቸው።

ላሊበላ ላይ የደረሰው ደግሞ የባሰ ነው። ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ የተፈለፈሉት ከእሳተ ገሞራ ወለድ ድንጋይ ነው፤ ድንጋዩ ቀዳዳም ስንጥቅም ይበዛበታል። በ1950ዎቹ የተደረገ ጥገና ጣሪያዎቹን ሬንጅ ቀባ። ሬንጁ ውሃውን ከላይ ሊያግድ ሲል ከታች አፈነው። በ1966 የተጀመረው፣ ሳንድሮ አንጀሊኒ የመራው ዓለም አቀፍ የጥገና ሥራ አንዱ ድካሙ ያንን ሬንጅ መፋቅ ሆነ። በ2008 የተተከሉት ትልልቅ የብረት መጠለያዎችም ሌላ ክርክር አስነሱ፤ የላሊበላ ሰው ክብደታቸው መሠረቱን ይጎዳል ብሎ ድምፁን አሰምቷል። እኔ ከዚህ ሁሉ የማነብበው ነገር አለ። በዚህ አገር በድንጋይ ላይ ጉዳት ያደረሰው አብዛኛው እጅ ለማዳን የተዘረጋ ነበረ፤ የጎደለው መጀመሪያ በሌላ ድንጋይ ላይ ሞክሮ መጠበቅ ነው።

በሌላ በኩል ውሃን በአለት ውስጥ ማስኬድ የጣና ዳር ትልቁ ሥራ ሆነ። ጢስ ዓባይ አንድ በ1964 በ11.4 ሜጋ ዋት ጀመረ፤ ጢስ ዓባይ ሁለት በ2001 በ73 ሜጋ ዋት ተከተለው። ጫራ ጫራ ላይ የሐይቁን መውጫ የሚቆጣጠረው መዝጊያ በ1990ዎቹ ተሠራ። በግንቦት 2010 የተመረቀው ጣና በለስ ግን ሌላ ዓይነት ነው፤ የሐይቁን ውሃ ከምዕራብ ዳርቻ ተቀብሎ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም ዋሻ ውስጥ አውርዶ፣ ከመሬት በታች ባለ የኃይል ቤት 460 ሜጋ ዋት ያመነጫል፤ ከዚያም ወደ በለስ ወንዝ ይለቅቀዋል። ተራራ ሲበሳ ምን እንደሚገጥም ያስተማረን ደግሞ ሌላው የኃይል ማመንጫ፣ ጊቤ ሁለት ነው። 26 ኪሎ ሜትሩን ዋሻ የሚቆፍረው ማሽን በ2006 በግፊት የመጣ ጭቃ ገጥሞት ወደ ኋላ ተገፋ፤ በጥር 2010 ከተመረቀ በኋላም በቀናት ውስጥ የዋሻው ክፍል ተናደ። አለት ከላይ ሲያዩት አንድ ነው፤ ከውስጥ ግን መንገድ የበዛበት ነው፤ መንገዱን ሁሉ ውሃ ያውቀዋል።

ይህን መንገድ ለመዝጋት መሐንዲሱ ጉድጓድ ይበሳል፣ ሲሚንቶ በውሃ አቅጥኖ በግፊት ይልካል። ሰፊ ስንጥቅ ሲሆን ይሠራል። ጭንቁ ጠባቡ ላይ ነው። የተራ ሲሚንቶ ቅንጣት እስከ 0.1 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ ስንጥቁ ከቅንጣቱ ሦስት እጥፍ ካልሰፋ ቅንጣቶቹ በሩ ላይ ተጋፍተው እርስ በርሳቸው ይተጋገዳሉ። አፉ የተዘጋ ይመስላል፤ ከኋላው ግን ውሃው መንገዱን ይዞ ይቀጥላል። እጅግ የደቀቀ ሲሚንቶ አለ፤ ዋጋው ውድ ነው። የኬሚካል ሙጫም አለ፤ አንዳንዱ መርዝ ነው።

ባክቴሪያ የሚገባው እዚህ ነው። ቁመቱ ከአንድ እስከ ሦስት ማይክሮ ሜትር ብቻ ነው፤ ሲሚንቶ በር ላይ ሲቆም እሱ ከውሃው ጋር ዘልቆ ይገባል። በብዛት የሚሠራበት ዓይነት በአፈር ውስጥ የሚኖር፣ በሽታ የማያመጣ ተሕዋስ ነው፤ ሚኬል የተባለ ፈረንሳዊ በ1889 ለይቶ ገለጸው፤ የፓስተርን ስም ይዞ ዛሬ ስፖሮሳርሲና ፓስተሪ ይባላል። ልዩ ችሎታው ዩሪያን መበተን ነው። በረት የገባ ሁሉ ሥራውን በአፍንጫው ያውቀዋል፤ ከከብት ሽንት የሚነሳው ዓይን የሚያቃጥል ሽታ አሞኒያ ነው፤ ዩሪያው ሲበተን የሚወጣ። ገበሬው የሚዘራው ነጭ ማዳበሪያም ያው ዩሪያ ነው፤ አፈር ውስጥ የሚፈታውም በነዚህ ተሕዋስያን ነው። ዩሪያ ሲበተን አካባቢው ይመራል (አልካላይን ይሆናል)፣ ካርቦኔትም ይወጣል። በዚያ ሰዓት ካልሲየም በውሃው ውስጥ ካለ ሁለቱ ይያያዛሉ፤ በባክቴሪያው ሰውነት ዙሪያ ነጭ ጠጣር ድንጋይ መሆን ይጀምራል። ተሕዋሱ ራሱ በሠራው ድንጋይ ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል። ኖራ በወራትና በዓመታት የሚያደርገውን ይህ በቀናት ያደርገዋል።

የዚህ እውቀት ታሪክ ከሃምሳ ዓመት ብዙም አይበልጥም። በ1973 ቦኬት የተባሉ ስፔናዊ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ኔቸር መጽሔት ላይ ባወጡት ጽሑፍ ካልሳይት (የካልሲየም ካርቦኔት ማዕድን) መሥራት የጥቂት ባክቴሪያዎች ብቻ ሳይሆን የአፈር ባክቴሪያዎች የጋራ ባሕርይ መሆኑን አሳዩ። ይህ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው፤ ከውጭ አገር ተሕዋስ ማስመጣት የግድ አይደለም ማለት ነውና። በፈረንሳይ ሊቃውንት የኖራ ድንጋይ ሕንፃዎችን በባክቴሪያ የመሸፈን ዘዴ በ1990 አስመዘገቡ፤ በ1993 በቱዋር ከተማ የቅዱስ ሜዳር ቤተ ክርስቲያን ግንብ ላይ 50 ካሬ ሜትር ገደማ ሞከሩት። በ1995 ደቡብ ዳኮታ ያሉ ተመራማሪዎች ውሃ በሚያሰርግ መተላለፊያ ላይ ሞከሩት፤ በተሰነጠቀ ግራናይትም ላይ ሥራ ተሠራ። ኔዘርላንድስ ውስጥ ዴልፍት ላይ 100 ሜትር ኩብ አሸዋ ላይ በአንድ ጊዜ ተሞክሮ ከፊሉ ወደ ድንጋይነት ተለወጠ። እዚያው ሄንክ ዮንከርስ ስንጥቁን ራሱ የሚጠግን ኮንክሪት ላይ ሲሠሩ የተጠቀሙት ከጨዋማና መራራ ሐይቆች የተገኙ፣ ተኝተው ዓመታት የሚቆዩ ባክቴሪያዎችን ነው። ያንን ሳነብ አሳቤ ወደ ሻላ፣ ወደ አቢጃታና ወደ ጪቱ ይሄዳል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር አማረ ገሠሠ ለብዙ ዓመታት በስምጥ ሸለቆ መራራ ሐይቆች ባክቴሪያዎችና ኢንዛይሞች ላይ ሠርተዋል። ዘሩ በአገር አለ፤ ለድንጋይ ሥራ ያሰማራው ሰው ግን አላውቅም።

ለእኛ ድንጋይ ቅርብ የሆኑት ሁለት ሙከራዎች ናቸው። አንደኛው እንግሊዝ አገር፣ ሌስተርሻየር ውስጥ በሚገኝ የድንጋይ ማውጫ ተደረገ። አለቱ ዳሳይት ነው፤ እንደ ባዛልት ከእሳተ ገሞራ የወጣ። ከመሬት 25 ሜትር በታች ባለ አንድ ስንጥቅ ውስጥ ባክቴሪያና ምግቡ ተላከ፤ በ17 ሰዓት ሥራ ውስጥ የስንጥቁ ውሃ አስተላላፊነት በብዙ ቀነሰ። ውጤቱ በ2013 ታተመ። ሁለተኛው በ2014 አሜሪካ፣ አላባማ ውስጥ፣ በ340 ሜትር ጥልቀት ላይ ባለ የአሸዋ ድንጋይ ስንጥቅ ላይ የሞንታና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሰዎች የመሩት ነው። በተራ የጉድጓድ መሣሪያ ተጠቅመው ባክቴሪያውንና ካልሲየሙን እያፈራረቁ አወረዱ፤ ስንጥቁም ተዘጋ። እዚህ ላይ የሚያስደስተኝ ልዩ ማሽን አለመጠየቁ ነው። ጉድጓድ የሚቆፍር፣ ፓምፕ የሚያንቀሳቅስ ባለሙያ ባሕር ዳር ሞልቷል።

እንግዲህ ጣና በለስ ላይ ይጀመር ወይ? እኔ አይመስለኝም። ትልቅ ግድብና ዋሻ የራሱ ባለሙያ፣ የራሱ ሲሚንቶ፣ የራሱ በጀት አለው። ቁስሉ የጠናው ትንንሹ ላይ ነው። ከ1990ዎቹ ጀምሮ በአማራና በትግራይ ገበሬውን መስኖ ለማጠጣት ብዙ ትንንሽ የአፈር ግድቦች ተሠሩ፤ በየቦታው ከሚሰማው አቤቱታ ዋናው ስርገት ነው፤ ግድቡ ይቆማል፣ ውሃው ከሥሩ በተሰነጠቀው አለት በኩል ይሄዳል። በ2003 ገደማ የውሃ ማቆር ዘመቻ ሲታወጅ በየጓሮው ኩሬ ተቆፈረ፤ ላስቲክ ያልደረሰው ኩሬ ክረምቱ በወጣ በጥቂት ሳምንት ደረቀ። ገበሬው ለወራት የቆፈረውን ጉድጓድ ባዶውን ሲያይ የሚሰማውን ሐዘን አይቼዋለሁ፤ በሌላ ነገር የሚካስ አይደለም።

ለእንዲህ ያለ ኩሬ ከኖራ ሠሪው ባክቴሪያ በፊት ሌላም መንገድ ነበረ። በቀድሞይቱ ሶቪየት ኅብረት የተሠራበት ዘዴ እበትና ሣር በኩሬው ወለል ላይ አንጥፎ፣ በአፈር ጠቅጥቆ፣ አየር ከልክሎ ማብላላት ነው፤ የሚፈጠረው ዝልግልግ ነገር የአፈሩን ቀዳዳ ይዘጋዋል። ጭቃ አቡክቶ ቤት የመረገ ሰው ይህን ለመረዳት መምህር አያስፈልገውም። የኩሬው ወለል አለት ከሆነ ግን እበቱ በቂ አይደለም፤ ያን ጊዜ ካልሳይቱ ይመጣል።

አሁን የሚከብደው ላይ ደርሻለሁ። ስሌቱ ቀላል ነው፤ 100 ኪሎ ካልሳይት ለመሥራት 60 ኪሎ ዩሪያ ይፈጃል፤ ይህ አንዱን የ50 ኪሎ ከረጢት ጨርሶ ሌላ የሚያስከፍት ነው። ሥራው ሲያልቅ 36 ኪሎ ያህል አሞኒየም በውሃው ውስጥ ይተርፋል። ይህ ውሃ ካልተያዘ የሚሄደው ወደ ወንዝ ነው፤ ወንዙ ወደ ጣና። ጣና ላይ ደግሞ ከ2011 ጀምሮ እምቦጭ የሚባል የውሃ አረም አለ። እምቦጭ የሚበላው ይህንኑ አሞኒየም ነው። ከየማሳው የሚታጠበው ማዳበሪያና የከተማው ቆሻሻ ያሰባው አረም ዓሣ አጥማጁን ከመረቡ፣ የደንገል ታንኳውን ከመንገዱ አግዷል፤ ሕዝቡ ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅለው ኖሯል። በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ተብሎ በተመዘገበ ሐይቅ ዳር ስንጥቅ ደፍነን እምቦጭ ብንቀልብ ምን ተጠቀምን? ስለዚህ በጣና ተፋሰስ ውስጥ ይህ ሥራ የሚፈቀደው ያገለገለውን ውሃ መልሶ ለሚቀዳ፣ አሞኒየሙንም ለይቶ ማሳ ላይ ለሚያውል ብቻ መሆን አለበት። ማዳበሪያ ነውና የሚፈልገው ገበሬ አይጠፋም።

ከዚህ የተሻለ መንገድም አለ። ናይትሬትን ተመግበው ናይትሮጅኑን ወደ አየር የሚለቁ፣ በዚያው ካልሳይት የሚሠሩ ባክቴሪያዎች አሉ፤ ሥራቸው ቀርፋፋ ነው፤ ነገር ግን እምቦጭ የሚፈልገውን ነገር ራሱን ነው የሚበሉት። ለጣና ተብለው የተፈጠሩ እስኪመስሉኝ ድረስ እወዳቸዋለሁ። በሌላ በኩል ባክቴሪያውን ትቶ ኢንዛይሙን ብቻ መጠቀም ይቻላል። ዩሪያ የሚበትነው ኢንዛይም በ1926 ጄምስ ሳምነር ከባቄላ ዘመድ ዘር ውስጥ ንጹሑን ያወጣው፣ ኋላም የኖቤል ሽልማት ያገኘበት ነው። አኩሪ አተርም ሞልቶታል፤ አኩሪ አተር ደግሞ የጣና ውሃ በበለስ በኩል በሚወርድበት በመተከል፣ በፓዊ ይበቅላል። አሞኒየሙ ግን በኢንዛይሙም አይቀርም፤ ያ መረሳት የለበትም።

የባክቴሪያው ቀለብ ነገር ቀላል ነው። የወተት ተረፈ ምርትን እንደሚመገብ በሙከራ ታይቷል፤ አጓት በየቤቱ አለ። ካልሲየሙ ደግሞ ከእንቁላል ቅርፊት ይገኛል፤ ቅርፊቱ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ በኮምጣጤ ሲሟሟ ባክቴሪያው የሚጠቀምበት ካልሲየም ይሆናል። ይህም ተሞክሮ ሠርቷል። የአጋም ድልድይ ሽማግሌዎች ስለ ኖራና እንቁላል የሚሉትን ሲሰማ የሚስቅ ወጣት መሐንዲስ ካለ፣ እንቁላሉ ወደ ላቦራቶሪ መግባቱን ይወቀው።

ላሊበላ ላይ ግን እጃችንን እንሰብስብ። ያ ድንጋይ የኖራ ድንጋይ አይደለም፤ በውስጡ የሚቀረው ጨው ምን እንደሚያደርገው በዓመታት ሙከራ ካልታየ ሁለተኛ ሬንጅ ይሆናል። አጋም ድልድይ የተሻለ ነው፤ ድንጋዩ የተያያዘው በኖራ ነው፤ አዲሱ ካልሳይት ከአሮጌው ጋር የአንድ እናት ልጅ ነው። እሱም ቢሆን መጀመሪያ ከድልድዩ ላይ ሳይሆን በዚያው ዓይነት ድንጋይና ኖራ በተሠራ የሙከራ ግንብ ላይ፣ ሦስት አራት ክረምት አይቶ።

ሥራውን ማን ይጀምረው ለሚለው ባሕር ዳር መልስ አላት። በ1963 በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተቋቋመው ፖሊ ቴክኒክ ዛሬ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነው፤ የዓባይ የውሃ ጥናት ተቋምም እዚያው አለ። የሚያስፈልገው በመጀመሪያ ክረምት ትንሽ ነው፤ አንድ የሚያፈስ ኩሬ፣ ከሥሩ የተሰነጠቀ ጥቁር ድንጋይ፣ ከዚያው አፈር የተለየ ባክቴሪያ፣ በየሳምንቱ የውሃውን ከፍታ የሚለካ አንድ ትጉህ ተማሪ።

ከባክቴሪያው በፊት ግን ቀለም ይምጣ። ጉዳት የሌለው ቀለም በኩሬው ውሃ ውስጥ ይጨመርና ከታች ባሉ ምንጮች ሁሉ ሰው ይቁም። የጠፋው ውሃ የጠፋ ላይሆን ይችላል፤ በአለቱ ሆድ ሄዶ ሌላ መንደር ሴቶች እንስራቸውን በሚሞሉበት ምንጭ፣ ወይም ድውያን በሚጠመቁበት ጠበል ይወጣ ይሆናል። ቀለሙ እዚያ ከታየ ያ ስንጥቅ አይነካም፤ ኩሬው ይዛወር። ቀለሙ በየትም ካልታየ፣ ወይም ማንም በማይጠቀምበት ገደል ከወጣ፣ ፓምፑ ያን ጊዜ ይነሳ።